ምዕራፍ 9፦ የቀኝ እግር ከፍታ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረድኩ ነው። አየሩ መጋል ጀምሯል። ድንገት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀድሞኝ ያለፈው የጭነት መኪና ነው ብዬ ችላ አልኩት፤ በዚያ ቁልቁለት የፍሬን ሽታ ብርቅ አይደለም። ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍኩ ግን ሞተሬ እንደ ደከመው በቅሎ ይለግም ጀመር። ቁልቁለት ላይ ስለነበርኩ ነዳጅ ሳልሰጠው መንደርደር ነበረበት፤ እሱ ግን ካልሰጠኸኝ አልሄድም አለ። ዳር አስይዤ ወረድኩ። ልገፋው ብል የኋላው ጎማ ንቅንቅ አይልም። ብርማ የነበረው የፍሬን ዲስክ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለበት አውጥቷል።

ከኋላዬ ይመጣ የነበረ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ የውሃ ጀሪካን አንጠልጥሎ ዱብ አለ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ከመስኮቱ ሆነው ጮኹበት።

«ተው! ውሃ እንዳታስነካው፣ ይጣመማል!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምኑን ነካክተህበት ነው የኔ ልጅ?»

«የእግር ፍሬኑን ትንሽ ዝቅ አድርጌው ነበር ጋሼ። ትናንት ማታ።»

«ሌላስ ምን ነካህ?»

«ሌላማ ምንም አልነካሁም።»

«ጥፋቱ እሱ ነዋ» አሉኝ በሩን ከፍተው እየወረዱ። «ሌላውን አለመንካትህ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ከፔርሙዝ ጠጣን። ዲስኩ ሲበርድ ጎማው ማንም ሳይነካው በራሱ ተፈታ፤ በአንድ እጄ ገፋሁት፣ ሄደ። እኔ ያኔ ተአምር ነው የመሰለኝ። ሰውየው ግን ቁጥር 10 ቁልፍ አስመጥተው፣ ከፔዳሉ ጀርባ ያለች አንዲት ዳዶ አላልተው፣ ቀጭኗን ዘንግ ሁለት ጊዜ በጣታቸው አሽከርክረው መልሰው አሰሩልኝ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ደጀን እስክወጣ ድረስ በየመታጠፊያው እየቆምኩ ዲስኩን ብመለከትም ሌላ ችግር አላገኘሁም።

ባለፈው ምዕራፍ ሰንሰለትን ስናይ የሚያስቸግረን የአንድ ነገር መላላትና መጥበቅ ነበር። የእግር ፍሬን ላይ የሚስተካከሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ችግሩ ሁለቱም ሲያዩዋቸው አንድ መምሰላቸው ነው። አንደኛው የእግር ጉዳይ ነው፦ ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚያርፍበት ከፍታ። ሁለተኛው የማሽኑ ጉዳይ ነው፦ ፔዳሉ መረገጥ ከጀመረበት ፍሬኑ መያዝ እስከሚጀምርበት ያለው ባዶ ጉዞ። እኔ ፍቼ ከተማ በአልጋ ቤት ግቢ ውስጥ በእጅ ባትሪ ብርሃን የመጀመሪያውን ሳስተካክል ሁለተኛውን አጥፍቼው ኖሯል።

ዝቅ ያደረግኩበት ምክንያት ግን ሞኝነት አልነበረም። ሞተሩ ለኮረኮንችና ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ደግሞ ገጠር ለገጠር ቆሞ የሚነዳ ስለነበር ፔዳሉን ለራሱ ከፍ አድርጎ አስሮታል። እኔ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በአስፋልት ነው፤ ተቀምጬ ነው የምሄደው። ሳላስበው ፍሬን እንዳልይዝ የጫማዬን አፍንጫ ሽቅብ እንዳንጠለጠልኩ መቆየት ነበረብኝ። ፍቼ ስደርስ የቅልጥሜ የፊት ጡንቻ ዝሎ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር።

አንድ እግር፣ አንድ ፔዳል፣ አንድ የእግር ማሳረፊያ፤ ታዲያ ለተቀማጩና ለቆመው ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ቁርጭምጭሚትን ተመልከቱ። ተቀምጠን ስንነዳ ጉልበታችን ከቁርጭምጭሚታችን ፊት ቀድሞ ይወጣል፤ ቅልጥም ወደ ፊት ያጋድላል። በዚያ አቀማመጥ ዘና ያለ እግር ጣቱን ቁልቁል ማዘንበል ነው የሚፈልገው። ስንቆም ቅልጥም ይቀናል፣ ውስጥ እግራችን ማሳረፊያው ላይ ተዘርግቶ ያርፋል፣ ጣታችንም ከማሳረፊያው ጋር እኩል ይሆናል። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ መንዳት የሚችል ሰው ወገቡን ወደ ኋላ ገፍቶ ተረከዙን ይጥላል። ተረከዝ ሲወርድ ጣት ይወጣል። እንግዲህ ለተቀማጭ የተመቸው ፔዳል ለቆመ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ለማግኘት ተረከዙን ማንሣት፣ ተረከዙን ሲያነሣ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ክብደቱን ወደ ፊት መጣል ይኖርበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ክብደቱን ወደ ኋላ ማድረግ በሚገባው ሰዓት ነው።

ቢኤምደብሊው ይህን ጣጣ በአንድ ቁራጭ ብረት ነው የፈታው። አር 1200 ጂኤስ አድቬንቸር የተባለው ትልቅ ሞተሩ የፔዳሉ አፍንጫ ላይ የሚገለበጥ መርገጫ አለው። አስፋልት ላይ ተኝቶ ይውላል፤ አስፋልቱ አልቆ ነጂው ሲቆም በእግሩ ወይም በእጁ ይገለብጠዋል፣ ፔዳሉ ከፍ ይላል። ቁልፍ አያስፈልግም፣ ባዶ ጉዞውም አይነካም። ከዚህ የቀለለ መፍትሔ እስካሁን አላየሁም፤ ለምን ሁሉም ሞተር ላይ እንደማይደረግ ይገርመኛል።

የኋላ ፍሬን ለገጠር ነጂ ይህን ያህል የሚያስጨንቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ጎማ ነው፤ የኋላው ረዳት ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን የፊቱ ጎማ ከተቆለፈ መሪው ከእጅ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሬት ላይ መገኘት ነው። የኋላው ቢቆለፍ ጅራቱ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ በቀላሉ አይጥልም። ለዚህ ነው በልቅ መሬት ላይ የቀኝ እግር የሚከብረው። የሞቶክሮስ ተወዳዳሪዎችማ አየር ላይ ሆነውም ይጠቀሙበታል፤ ከጉብታ ዘለው የሞተሩ አፍንጫ ከመጠን በላይ ሲነሣባቸው የኋላ ፍሬኑን ረገጥ ያደርጉታል። ይሽከረከር የነበረው ጎማ ድንገት ሲቆም የመሽከርከሩ ኃይል ወደ ሞተሩ አካል ይተላለፍና አፍንጫው ይወርዳል። መሬት በሌለበት ቦታ ፍሬን መያዝ!

ፍሬኑ ቀኝ እግር ላይ መሆኑ ራሱ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሹ በቀኝ፣ ፍሬኑ በግራ ነበር። አሜሪካ በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርሹ በግራ፣ የኋላ ፍሬኑ በቀኝ ይሁን የሚል የደኅንነት ደንብ ሥራ ላይ ስታውል፣ ያን ትልቅ ገበያ ማጣት ያልፈለጉት ትራያምፍና ኖርተን ሞተሮቻቸውን ገለበጡ። አንዱን ለምዶ ሌላውን የነዳ ሰው ሲደነግጥ በፍሬን ፋንታ ማርሽ ይረግጥ ነበርና ደንቡ የመጣው በወቅቱ ነው። ለእኛ ግን ፍሬን ስሙንም ያመጣው ከጣሊያን ነው፤ ዳዶውም፣ ቡሎኑም፣ ሞላውም፣ ጎሚኒውም እንዲሁ። በጣሊያን ቃል ተጠርቶ፣ በአሜሪካ ደንብ በቀኝ ተቀምጦ፣ በጃፓን ተሠርቶ ዓባይ በረሃ ላይ ተቃጠለብኝ።

አሁን ወደዚያች ቀጭን ዘንግ እንመለስ።

በዲስክ ፍሬን ላይ ፔዳሉ ልክ እንደ ሕፃናት ሚዛን ነው። መሐሉ ላይ ባለው ፒን ይዞራል፤ የፊት አፍንጫው ሲወርድ የኋላ አጭር ክንዱ ይነሣል። አጭሩ ክንድ ዘንጓን ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጓ የፍሬን ፖምፓውን ፒስተን ትገፋለች። ፖምፓው ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ቱቦ ነው። በግድግዳው ላይ ከዘይት ማጠራቀሚያው የሚመጣ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲቀር ፒስተኑ ከዚያ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሸሽቶ ክፍት ይተወዋል። ሲረገጥ የፒስተኑ የመጀመሪያ ሥራ ጎሚኒውን ከቀዳዳው አሳልፎ መዝጋት ነው። ዘይቱ መሸሻ አጥቶ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዳዳውን ማንም አያየውም፤ ፖምፓውን ካልፈቱት አይታይም። የፍሬኑ ሰላም ግን በእሱ ላይ ያረፈ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ የሰፋው ትርፍ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ነጂው ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። ፒስተኑ በጥቂቱ ወደ ፊት ተገፍቶ ቀዳዳውን ዘግቶ ከቀረ ግን ትርፉ መሄጃ የለውም፤ ሸራውን ይገፋል። ሸራው ዲስኩን ያሻል፣ መታሸቱ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ዘይቱን ያሰፋዋል፣ የሰፋው ዘይት ሸራውን ይበልጥ ይጫነዋል። ዓባይ ቁልቁለት ላይ እግሬ ፔዳሉ ላይ አልነበረም። ፍሬን ይዞብኝ የነበረው ሙቀቱ ራሱ ነው። ዲስኩ ሲበርድ ዘይቱ ተሰበሰበ፣ ጎማው ተፈታ፤ ተአምር የመሰለኝ ይኸው ነው።

ትንሽ ብቀጥል ደግሞ ተቃራኒው ይመጣ ነበር። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ታች ወርዶ ምንም ሳይዝ ይቀራል። አንዱ ጥፋት በመጀመሪያ አልለቅም የሚል ፍሬን፣ ቀጥሎ አልይዝም የሚል ፍሬን ይሰጣል ማለት ነው።

ለቀዳዳው መከፈት ዋስትናው ባዶ ጉዞው ነው። የሞተር አምራቹ ኬቲኤም በመመሪያው በፔዳሉ ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይኑር ይላል። ትንሽ ነው፤ በትንሿ ጣት ጫፍ ፔዳሉን ወዲያና ወዲህ ሲነካኩት ያለ ምንም ተቃውሞ የሚወዛወዘው ያህል ነው። የፔዳሉ ረጅም ክንድ የአጭሩን አራት አምስት እጥፍ ቢሆን፣ በጫፉ ያለው 4 ሚሊሜትር ፒስተኑ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። የሰውን ሕይወት በዚያች ክፍተት ላይ አንጠልጥለው መንዳታቸው ለብዙ ሞተረኞች ትዝ አይላቸውም።

የእኔን ጥፋት አሁን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ያ ሞተር የፔዳሉን ማረፊያ የሚወስን የተለየ ማቆሚያ አለው፤ በአንዳንዱ ቡሎን ነው፣ በሌላው መሐሉ ያልሆነ ቦታ ላይ የተበሳ ተሽከርካሪ ቀለበት። እኔ ማቆሚያውን አዙሬ አፍንጫውን ወደ ታች አወረድኩት። አፍንጫው ሲወርድ የኋላው ክንድ ተነሣ፣ ክንዱ ዘንጓን ገፋ፣ ዘንጓ ፒስተኑን ገፋች። ፔዳሉን በቀስታ ለዘለቄታው ረግጬ እንዳሰርኩት ቁጠሩት። ማድረግ የነበረብኝ ማቆሚያውን ከማዞሬ በፊት ዘንጓን ማሳጠር፣ ከፍታውን መወሰን፣ በመጨረሻ ባዶ ጉዞው እስኪገኝ ዘንጓን መልሶ ማስረዘም ነበር። ሹፌሩ ዳዶዋን አላልተው ያደረጉትም ያንኑ ነው። በተቃራኒው ፔዳሉን ከፍ ያደረገ ሰው የሚገጥመው አደጋ ሌላ ነው፤ ባዶ ጉዞው ይበዛበታል፣ ፍሬኑ «ዘግይቶ ይይዛል»። ብዙውን ጊዜ ያንን ለማስተካከል ዘንጓን ሲያስረዝም አጋንኖ ያስረዝማትና እኔ የነበርኩበት ጉድጓድ ይገባል።

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም። በብዙዎቹ የጃፓን ሞቶክሮስ ሞተሮች የተለየ ማቆሚያ የለም፤ ፔዳሉ የሚያርፈው በዘንጓ ላይ ነው፣ ዘንጓም ፖምፓው ውስጥ ባለ ቀለበት ተይዛለች። እዚያ ዘንጓ ብትረዝም አፍንጫው ይነሣል፣ ብታጥር ይወርዳል፤ ባዶ ጉዞው ብዙም አይለወጥም። ቀላል ነው። አደጋው ዘንጓን ከልክ በላይ አውጥቶ በሹካዋ ውስጥ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዟት እንዲቀር ማድረግ ነው፤ እንዲህ የታሰረ ፍሬን ቀን ጠብቆ ይነቀላል። የእናንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ መመሪያ ባይኖር እንኳ ተንበርክካችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ የመመለሻው ሞላ ፔዳሉን ስቦ ከምን ጋር ነው የሚያጋጨው?

ታምቡር ፍሬን የራሱ አመል አለው፤ አገራችን ገጠር ውስጥ ደግሞ ያለ እሱ ጨዋታ የለም። በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ለዓመታት ቆሞ ያየነው ያማሃ ኤጂ 100 የኋላውም የፊቱም ፍሬን ታምቡር ነው። ይህ ሞተር ለእርሻ ሥራ የታሰበ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት መቆሚያ እግር ያለው፣ ሰንሰለቱ በሽፋን የታጠረው ለዚያ ነው። ታምቡር ፍሬን ዘይት የለው፣ ፖምፓ የለው። ከፔዳሉ እስከ ጎማው ረጅም ብረት ተዘርግቷል፣ በጫፉ በእጅ የምትዞር ባለ ክንፍ ወይም ተራ ዳዶ አለች። ከፍታው በፔዳሉ ማቆሚያ ቡሎን፣ ባዶ ጉዞው በኋላዋ ዳዶ ይስተካከላል። መጠኑም ለጋስ ነው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት በጫፉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይፈቀዳል።

አመሉ ምንድን ነው? ዲስክ ላይ ሸራ ሲያልቅ ፒስተኖቹ ራሳቸው ቀርበው ክፍተቱን ይሞሉታል፤ ፔዳሉ ከተለመደው በታች መውረድ ከጀመረ ከፍታ ማስተካከል ሳይሆን አየር ገብቶ እንደሆነ፣ ዘይት ጎድሎ እንደሆነ፣ ወይም ፔዳሉ ድንጋይ መትቶት ተጣሞ እንደሆነ መፈለግ ነው። ታምቡር ላይ ግን ሸራው ባለቀ ቁጥር ባዶ ጉዞው ይረዝማል፣ በየጊዜው ዳዶዋን ማጥበቅ ግድ ነው። ሌላም አለ፦ ሰንሰለት ሲጠብቅ የኋላው ጎማ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጎማው ሲሳብ የፍሬኑም ብረት አብሮ ይሳባል። ሰንሰለቱን አጥብቆ ደስ ብሎት የሄደ ሰው ፍሬኑ ተይዞ ታምቡሩ ሲግል የሚያገኘው ለዚህ ነው። ሰውና ኩንታል ሲጫን፣ የኋላው ሹካ ሲንቀሳቀስም ያው ብረት በመጠኑ ሊሳብ ወይም ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ታምቡር ያለውን ሞተር ባዶውን አቁሞ ብቻ ለክቶ መተው አይበቃም። እንደሚነዳው ጭኖ፣ አንድ ሰው አስቀምጦ ባዶ ጉዞው እንዳልጠፋ መዳበስ ይገባል።

ከፍታውን ለእግር ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፤ ሜትር አይፈልግም። መካኒኮች ብዙውን ጊዜ የፔዳሉን አፍንጫ ከማሳረፊያው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ አድርገው ይመልሱላችኋል። መነሻው ጥሩ ነው፤ ግን መካኒኩ በራሱ ቁመት፣ በራሱ ጫማ ለክቶ ነው የሚያስረው። ሞተሩን ሰው ይያዝላችሁ፣ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፉት። የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። ማሳረፊያዎቹ ላይ ቁሙ፣ ጉልበታችሁን ፈታ አድርጉ፣ ወደ ፊት ተመልከቱ፤ ፔዳሉን አትዩት። ቁርጭምጭሚታችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ። ጫማችሁ ፔዳሉን ሳይጫነው ከላዩ ማረፍ መቻል አለበት፤ ስትረግጡት ደግሞ ጉልበታችሁ ሳይታጠፍ ፍሬኑ መያዝ አለበት። ከዚያ ተቀመጡና ድገሙት። ሁለቱም ላይ ፍጹም የሚሆን ከፍታ የለም፤ ውላችሁ አምሽታችሁ የምትነዱት እንዴት እንደሆነ ቆጥራችሁ ወደዚያ ማድላት ነው። እኔ ለቆመው አደላለሁ፤ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ቅልጥሙ ይዝላል እንጂ አይወድቅም።

በግማሽ በግማሽ ዙር አዙሩ እንጂ አትቸኩሉ። ባለ 6 ሚሊሜትር ተራ ቡሎን አንድ ዙር ሲዞር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ በፔዳሉ ጫፍ ግን ያቺ 1 ሚሊሜትር 4 ወይም 5 ሆና ነው የምትወጣው። ግማሽ ዙር ለእግር በቂ ለውጥ ነው። ዳዶዋን ስታጠብቁ ዘንጓን በሌላ ቁልፍ ያዟት፣ አለዚያ አብራ ትዞርና የለካችሁት ይጠፋል።

ሥራው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ የኋላው መብራት ግን ይቀራል። ፔዳሉ በቀጭን ሞላ የፍሬን መብራቱን ማብሪያ ይስባል። አፍንጫው ወርዶ ማብሪያው ካልተስተካከለ መብራቱ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና እውነተኛ ፍሬን ስትይዙ አያምናችሁም። ማብሪያውን ጨብጣችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ፤ ማብሪያው ራሱ ከዞረ ገመዱ ይበጠሳል።

መጨረሻ ላይ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁና እንደገና አሽከርክሩት፤ ልክ እንደ መጀመሪያው መዞር አለበት። ከዚያ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ፍሬን እየያዛችሁ ነድታችሁ ተመለሱና ባዶ ጉዞውን በጣት ዳብሱ። በብርድ 4 ሚሊሜትር የነበረው በሙቀት ከጠፋ ያ ቀዳዳ ተዘግቷል። ዲስኩን በእጅ ለመዳበስ አትሞክሩ፤ የእኔ መዳፍ እስካሁን ምልክት አለው። መንገድ ላይ ተይዞባችሁ ከቆማችሁ ደግሞ ማቀዝቀዝ ነው፣ ያለ ውሃ፤ ዘንጓን ማሳጠር ነው፣ በቁጥር 10 ቁልፍ። እኔ ያለዚያች ቁልፍ ከቤት አልወጣም።

አሁን የምነዳው ሞተር ማቆሚያ የሌለው፣ በዘንግ ብቻ የሚስተካከለው ዓይነት ነው። ዘንጉ ላይ በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ሁለት ምልክት አድርጌያለሁ፤ ቀዩ የበጋ ነው፣ ነጩ የክረምት። ይህን ያስተማረኝ ጭቃ ነው። ቦት ጫማ ሳደርግ ሶሉ ስለወፈረ ፔዳሉ የሚነካብኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ አይደለም። ሶሉ ዙሪያውን እኩል ከወፈረ ማሳረፊያውም ላይ፣ ፔዳሉም ላይ እኩል ስለሚያነሣኝ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ያለው ጭቃው ላይ ነው። ከውስጥ እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ የማሳረፊያው ጥርሶች እየላጩ ይጥሉታል፤ ከጣቴ ሥር ያለውን ግን የሚላጨው የለም፣ እየተጋገረ ይሄዳል። እርሻ ለእርሻ ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ከጫማዬ አፍንጫ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ጭቃ ተለጥፎ ሳላውቀው ፍሬን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዘንጓን ግማሽ ዙር አሳጥሬ ወደ ነጩ አወርዳታለሁ፤ ለመስቀል ሰሞን መሬቱ ሲጠነክር ወደ ቀዩ እመልሳታለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣ ብሎ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ነጩ ላይ ነበረች።